የሚስ ዴልፊና የረቡዕ ጠረጴዛ

ዴልፊና አርቹሌታን ያገኘኋት ቃሪያ ላስጠብስ ተሰልፌ ነው። በመስከረም ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ ከፑዌብሎ ከተማ ሰዎች ቤቱ የሚቀመጥ የለም። ሁሉም ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳሉት እርሻዎች ይወጣና ለብርዱ ወራት የሚሆነውን ቃሪያ በጆንያ ገዝቶ፣ እዚያው በጋዝ እሳት ላይ በሚሽከረከረው የሽቦ በርሜል አስጠብሶ ይመለሳል። ሽታው ልብስ ውስጥ ገብቶ እስከ ሰኞ አይለቅም፤ ማንም ደግሞ እንዲለቀው አይፈልግም።

ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ አጠር ያለች፣ ነጭ ጸጉሯን ወደ ኋላ የጎነጎነች ናት። በርሜሉን ከሚያዞረው ሰውዬ ጋር የገጠመችው ክርክር እስከ ሰልፉ ጫፍ ይሰማል።

«ኃይለኛውን ነው ያልኩህ! ይሄንንማ ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ስጠው።»

«ባለፈው ዓመት ኃይለኛውን ወስደሽ ሦስት ቀን ስታለቅሺ አልነበር?» አላት ሰውዬው እጁን ከማዞር ሳያቦዝን።

«ያለቀስኩት ሌላ ሰው ስለጠበሰው ነው።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ሰውዬው ግን አልሳቀም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ እሳቱን አየ። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ እስከ ክርኑ የሚደርስ የቆዳ ጓንት ያጠለቀ ሽማግሌ ነው።

የእሷም የእኔም ጆንያ ገና ተራው አልደረሰም ተባልን። የሴትዮዋ ፒካፕ መኪና ጥላ ስር ቆሞ ነበርና የኋላ መዝጊያውን ዘርግታ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ መቆም አይከብደኝም» አልኳት።

«አንቱታውን ለቄሱ አቆይላቸው። ዴልፊና ነኝ። በርሜሉ ጋ ያለው ኩርፍተኛ ደግሞ ወንድሜ ነው፤ ኢዩሴቢዮ።»

ሥራዋን ጠየቅኋት። ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪዎች አውቶብስ ነድታለች። የከተማው ግማሽ ሰው ኋላዋ ተቀምጦ ነው ያደገው፤ ዛሬም ጢም ያወጣው ሁሉ «ሚስ ዴልፊና» ነው የሚላት።

«አሁንስ?»

«አሁን ካናቢስ ቤት ነኝ» አለች፣ ዳቦ ቤት ነኝ እንደማለት። «ረቡዕ ረቡዕ ጠረጴዛ ይዘረጉልኛል። የእኔን ዕድሜ ለሚያህሉ ሰዎች ስለ ንጥሩ አስረዳለሁ።»

ሕግ የፈቀዳቸው የካናቢስ ሱቆች በእኛ ከተማ በጎማ ጠጋኙና በመድኃኒት ቤቱ መካከል ነው የሚገኙት፤ ስለዚህ የገረመኝ ካናቢሱ አይደለም፣ ማስረዳቱ ነው። ንጥር የሚሉት ቅቤ ተነጥሮ ውሃው እንደሚወጣለት፣ ከካናቢሱ አበባ ጉልበቱን ብቻ ለይተው ያስቀሩትን ነው። አንዳንዱ እንደ ሰም ይለጠጣል፣ አንዳንዱ እንደ መስታወት ይሰበራል፣ አንዳንዱ ዘይት ነው። ወጣቶቹ ያውቁታል ብዬ አስብ ነበር። ለሽማግሌ ምን ይደረግለታል?

«ከወጣቱ ይልቅ አደገኛው የእኛ ዕድሜ ነው» አለችኝ። «ወጣቱ እንደማያውቅ ያውቃል። እኛ ግን በወጣትነታችን፣ በሰባዎቹ ዓመታት፣ አጭሰናል። ስለዚህ እናውቃለን!» ከዚያ በአገጯ ወደ በርሜሉ አመለከተች። «እሱን ጠይቀው። ልጨርሰው ነበር። ቢያንስ እሱ እንደዚያ መስሎታል።»

እንዲህ ብላ ነው ታሪኩን የጀመረችልኝ።

ኢዩሴቢዮ ሠላሳ ስድስት ዓመት ብረት ፋብሪካው ውስጥ ሠርቷል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የእግሮቹ ነርቭ ታሞ፣ ሌሊት ሌሊት ውስጥ እግሩ ከሥር እሳት እንደተለቀቀበት ይለበልበዋል፤ አይተኛም። ፋብሪካው ከሸኘው በኋላ የቀረው ስም ይህ በርሜል ብቻ ነበር። ሃያ ሁለት መስከረም ቆሞበታል። ሰዎች ቃሪያውን የማን እርሻ እንዳበቀለው ሳይሆን ኢዩሴቢዮ ጠብሶት እንደሆነ ነው የሚጠይቁት።

የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ በርሜሉ ጋ ቆሞ እንቅልፍ ጣለው። ክንዱ የጋለው ሽቦ ላይ ሊያርፍ ሲል አንዲት ደንበኛ ጮኸች። የእርሻው ባለቤት ፔትሪች ደግ ሰው ነው፤ ግን እሳት እሳት ነው። ጓንቱን ከእጁ አወለቀለትና መጋዘኑ በር ላይ ካለው ምስማር ሰቀለው። በዚህ እርሻ ከፔትሪች አባት ጀምሮ የተያዘ ወግ አለ፦ የወሩ ሦስተኛ ቅዳሜ ሲያልቅ ባለቤቱ «ጓንቱን ይዘህ ግባ» ያለው ሰው የሚቀጥለውም ዓመት ጠባሽ እሱ ነው። ምስማሩ ላይ ከተሰቀለ ግን በርሜሉ ጠባሽ የለውም ማለት ነው።

«ባለፈው ዓመት ሌላ ሰው አዞረው» አለች ዴልፊና። «ሴቢዮ ከቤቱ አልወጣም። የተጠበሰ ቃሪያ ሽታ በመስኮት እንዳይገባበት መስኮት ዘጋ። ፑዌብሎ ውስጥ! በመስከረም!»

ፔትሪች ዘንድሮ አንድ ዕድል ሰጠው፦ ሦስት ቅዳሜ ነቅቶ ከቆመ ጓንቱ የእሱ ነው፤ ካልቆመ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ሦስተኛው ቅዳሜ መቼ ነው?» አልኳት።

«ዛሬ ምን ቀን ይመስልሃል?» አለችኝ። «ዛሬ ነዋ!»

ያን ጊዜ ነው ክርክሯ ሁሉ የገባኝ። ለካ ሴትዮዋ የቃሪያው ነገር አልጨነቃትም፤ ወንድሟ ይመልስላት እንደሆነ፣ ዓይኑ ክፍት መሆኑን እያረጋገጠች ነበር።

ስህተቱ የደረሰው ኢዩሴቢዮ ጓንቱን ባጣ በስድስት ወሩ ነው። ዴልፊና አንድ ጎረቤቷ «ለእንቅልፍ ረድቶኛል» ስትል ሰማችና ወደ ሱቁ ሄደች። ቶቢን የሚባል ጺማም ሻጭ «ከዚህ በፊት ተጠቅመው ያውቃሉ?» አላት።

«አንተ ሳትወለድ አጭሻለሁ፣ ልጄ!»

«ንጥሩ ትንሽ ይለያል፤ አምስት ደቂቃ ቢሰጡኝ…»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶብስ ነድቻለሁ። መመሪያ ማንበብ አውቃለሁ» ብላ ተቀብላው ወጣች። ሻጩ ከዕቃው ጋር የሚሰጠውን ወረቀት ከረጢቷ ውስጥ ከተተላት። ወረቀቱን አላነበበችውም። አራት ቦታ አጥፋ የምትንቀጠቀጠው የኩሽና ጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቀችው። «ጠረጴዛዋ ቆመች፤ እኛ ነን የወደቅነው» አለችኝ።

በእነሱ ዘመን፣ ከዳንስ አዳራሹ ጀርባ፣ ቅጠሉ ደካማ ነበር። አንድ ምሽት ሙሉ አጭሰህ የምታተርፈው ሳቅና ረሃብ ነው። በዚያው መለኪያ፣ በዓይን ግምት፣ ከገዛችው ሰም መሳይ ንጥር ቦሎቄ የሚያህል ቆርሳ በአባታቸው ፒፓ ትምባሆ ላይ አደረገችው። እሑድ ከሰዓት ነው። እሱ ሳበ፣ እሷም ሳበች። ሁለት ደቂቃ ጠበቁ።

«ምንም የለውም» አለ ኢዩሴቢዮ። «ተሸውደሻል።»

ሌላ ቦሎቄ ጨመሩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሴቢዮ ማቀዝቀዣውን ትኩር ብሎ አየና ‹ፊና፣ ስሜን እየጠራኝ ነው› አለኝ። ‹ማን?› አልኩት። ‹ማቀዝቀዣው። ሙሉ ስሜን ነው የሚጠራው፤ የክርስትናውንም ጨምሮ።› ልስቅ ስል የእኔም ልብ መጋለብ ጀመረ። ወለሉ ሸሸኝ። የማቀዝቀዣውን እጀታ ያዝኩ። ‹ልቀቂው፣ እያናደድሽው ነው!› ይለኛል። ከዚያ ደረቱን ይዞ ‹ልቤ ቆመች› አለ። የቆመች ልብ እንደዚያ አትጮኽም፤ ግን ማን ያስብ! ስልክ ደወልኩ።»

የእሳት አደጋ መኪናው መብራቱን እያሽከረከረ መጣ። የመንገዱ ሰው በሙሉ በረንዳ ላይ ወጣ። ከወረዱት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ሬናልዶ ቪያልፓንዶ የሚባለው፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በእሷ አውቶብስ የተመላለሰ ነው። የልብ ምታቸውን ለካ፣ ግፊታቸውን ለካ፣ ውሃ ሰጣቸው። ዴልፊና በየደቂቃው ልትነሳ ስትል ትከሻዋን በቀስታ ይዞ መለሳት።

«ሚስ ዴልፊና፣ አንቺ ራስሽ ምን ነበር የምትይን?»

«ምን ነበር የምለው?»

«አውቶብሱ ሳይቆም ማንም ከወንበሩ አይነሳም። በይ ተቀመጪ፤ ገና አልቆመም።»

አውቶብሱ የቆመው አራት ሰዓት ሙሉ ከፈጀ በኋላ ነው። ሬናልዶ መደወላቸው ልክ እንደነበር ነገራቸው፤ በዚያ ዕድሜ የደረት ነገር አይናቅም። ግን ኢዩሴቢዮን የጎዳው ፍርሃቱ አልነበረም። በረንዳ ላይ የቆመው ሰው ነው። በቆመበት እንቅልፍ የጣለው ሰውዬ አሁን ደግሞ በማቀዝቀዣ ተሸነፈ ተባለ። እህቱን አራት ወር አላናገራትም። ስልክ ስትደውል ያነሳና ዝም ይላል፤ መተንፈሱን ሰምታ ትዘጋለች። «እንዳልሞተ ለማሳወቅ ነው የሚያነሳው» አለችኝ። «ጨዋ ነው።»

እሷ ግን ቁጣዋን ይዛ በማግስቱ ሱቁ ገባች። ቶቢን ላይ በሰው ፊት ስድብ አወረደችበት። ሳያቋርጣት ሰማትና «ምን ያህል ነበር ያደረጋችሁት?» አላት። ወረቀት ሰጣት፤ ቦሎቄ ሣለች። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንድ ጊዜ ነው?»

«ሁለት ጊዜ።»

«የሰጠሁዎት ወረቀት ላይ ምን ተሥሏል?»

ዴልፊና ወረቀቱ የት እንዳለ ያን ጊዜ አስታወሰች። ቤት ሄዳ ጠረጴዛውን በጉልበቷ ደግፋ አወጣችው። ወረቀቱ ላይ ለጀማሪ የሚሆነው መጠን ተሥሏል። ነጥብ ናት። የእርሳስ ጫፍ ተጭነህ የምታነሳት ዓይነት ነጥብ።

«እኔ ያን ቀን ለአንድ ሰፈር የሚበቃ ነው የሰጠሁት» አለችኝ። «ቶቢንን ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ‹እስቲ እነዚያን አምስት ደቂቃዎች አሁን ስጠኝ› አልኩት። ሦስት ሰዓት ፈጀ።»

ያስተማራትን እንደ ተማሪ ደብተር አልጻፈችውም፤ እንደ ሾፌር ነው የጻፈችው። የተማሪ አውቶብስ የሚነዳ ሰው በየማለዳው ሞተር ከማስነሳቱ በፊት አውቶብሱን አንድ ዙር ይዞራል፦ ጎማ፣ መብራት፣ በር፣ መስታወት፣ ፍሬን። አንዱን ከዘለለ አይነሳም። እሷም የራሷን ዙር አወጣች። አጠገቤ ማን አለ? ምግብ በልቻለሁ? የምወስደውን ክኒን ሐኪሙ ያውቃል? የመኪና ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ነው? ቢራ የቀመሰ የለም? በመጨረሻም መጠኑ፣ ከዚያ ሰዓቱ።

መጀመሪያ ራሷ ሞከረችው። በፒፓ አይደለም፤ ሙቀቱ በሚስተካከል፣ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ፣ በዝቅተኛው ሙቀት። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ወስዳ ግማሿን አስቀረች። ጎረቤቷ ኮንሱዌሎ አጠገቧ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ ጠበቁ።

«ምን ተሰማሽ?»

«በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ትንሽ ሞቅ አለችኝ። ኮንሱዌሎ የምታወራው ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣመኝ። በቃ። ልጨምር አላልኩም፤ በእኔ ጠረጴዛ ሁለተኛ የሚባል የለም። ሁለተኛው ነገ ነው።»

ሌላ ቀን ሱቁ ውስጥ አንዲት አሮጊት ለቶቢን «አንተ ሳትወለድ አጭሻለሁ» ስትለው ሰማች። ዴልፊና ሳትጠራ ሄደች፣ ክንዷን ያዘች፣ የማቀዝቀዣውን ታሪክ ነገረቻት። አሮጊቷ እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ ተቀምጣ ሰማች። የሱቁ ባለቤት ይህን አይታ ነው ረቡዕን የሰጠቻት። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመስ ነገር የለም፤ ሕጉም አይፈቅድም። ያሉት ባዶ ብልቃጦች፣ ሰሊጥና ሩዝ በሰሃን፣ እንዲሁም አንድ ቦሎቄ ነው። ቦሎቄውን ታነሳና «ይሄ እኔ ነኝ» ትላለች። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ የልብ ሕመም ያለበትን አንድ ጡረተኛና በእናቷ ወገን የአእምሮ ሕመም የነበረባትን አንዲት ሴት «ይሄ ለእናንተ አይደለም፤ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ» ብላ መልሳለች።

በዚያው ዓመት በሐምሌ አንድ ረቡዕ ስምንት ሰዎች ተቀምጠው ሳለ ከኋላ በር ሲከፈት ተሰማ። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ የደፋ ረጅም ሰው ገብቶ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዴልፊና አስረድታ ጨረሰች። «ጥያቄ ያለው?» ስትል እጁን እንደ ተማሪ አነሳ።

«ሴትዮ፣ አንድ የማውቀው ሰውዬ አለ» አለ።

«እሺ።»

«እህቱ ቦሎቄ የሚያህል አስጨሰችው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ዴልፊና አልሳቀችም።

«ማወቅ የፈለግሁት» አለ ኢዩሴቢዮ፣ «ያቺ እህቱ ይቅርታ ጠይቃዋለች ወይ? እስካሁን ለሻጩ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ ለጎረቤቱ ይቅርታ ብላለች ሲባል ሰምቻለሁ።»

ዴልፊና ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ቀነሰ። እውነቱን ነው፤ ደውላ መተንፈሱን ስትሰማ አንድም ቀን ያንን ቃል አላለችውም። እሱ ነው የተቆጣው ብላ፣ እሱ ይጀምር ብላ ስትጠብቅ ነበር። በስምንት ሰው ፊት ከጠረጴዛው ዞራ ሄደችና ከወንበሩ ፊት ቆመች።

«ሴቢዮ፣ አጥፍቻለሁ። እኔ የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ በአንተ ላይ ነው የሞከርኩት። ይቅር በለኝ።»

«እሺ» አለ። «አሁን ተመለሺና ስለ ሰሊጧ ድገሚልኝ። ጆሮዬ በሚገባ አይሰማም።»

በዚያው ሳምንት አንዲት ሐኪም ጋ ወሰደችው። ሐኪሟ ክኒኖቹን አንድ በአንድ አይታ የትኛው አብሮ እንደማይሄድ ነገረችው፤ ሌላውን በራሱ ኃላፊነት ተወችለት። ቅዳሜ ምሽት፣ እራት ከበላ በኋላ፣ ዴልፊና አጠገቡ ተቀምጣለት እሱ የሰሊጧን ግማሽ ወሰደ። የማቀዝቀዣውን ሶኬት ነቅሎ ነው የተቀመጠው፤ አይስክሬሙ ሁሉ ቀለጠ።

«ሕመሙ ጠፋለት?» አልኳት።

«አልጠፋም። ጠዋት ስጠይቀው ‹አለ፤ ግን ሌሊቱን ከበር ውጭ ሲጠብቀኝ አደረ› አለኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሌሊት ይሠራል፣ አንዳንድ ሌሊት አይሠራም። ግን ከበርሜሉ በፊት አይነካውም፤ በሚሠራበት ቀን ዋዜማም ቢሆን በጊዜ ካልሆነ አይነካውም። ያንን እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ራሱ ነው።»

በዚህ መካከል ሰልፉ አልቆ ነበር። የዴልፊና ጆንያ ተጠብሶ ወጣ፣ የእኔም ተከተለ። ኢዩሴቢዮ የመጨረሻውን በርሜል ገልብጦ ጋዙን ዘጋ። እሳቱ ሲጠፋ ቦታው ሁሉ ጸጥ አለ። ፔትሪች ከመጋዘኑ ወጥቶ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። የተባባሉት አልተሰማንም። ኢዩሴቢዮ ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀ። ወደ መጋዘኑ በር፣ ወደ ምስማሩ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ።

«አምላኬ» አለች ዴልፊና በቀስታ።

ፔትሪች ከኋላው አንድ ነገር ጮኸለት። ኢዩሴቢዮ ቆመ። ጓንቱን አየው። ከዚያ አጣጥፎ የሱሪው የኋላ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ አልገባ ሲለው በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አስገባው።

እንኳን ደስ ያለህ ልለው ብድግ ስል እጅጌዬን ይዛ መለሰችኝ። «ተወው፤ ራሱ ይምጣ። ስንሮጥ ካየን ስጠራጠርበት እንደነበር ያውቃል።» በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች።

መጣ። ጆንያዋን አንስቶ ፒካፑ ላይ ጫነላት፤ የጓንቱ ጣቶች ከኪሱ ወጥተው ይወዛወዛሉ። «ኃይለኛውን ነው የጠበስኩልሽ» አላት። «ብታለቅሺ የለሁበትም።»

«አንተ ከጠበስከው አላለቅስም» አለችው፣ ገና ዓይኗ እርጥብ እንደሆነ።

እኔም ጆንያዬን ተሸክሜ ተሰናበትኳቸው። ትኩሱ ቃሪያ ሽታው አስጎምጅቶኝ አንዱን ሙሉውን ልጎርስ አፌ ጋ ሳደርስ ዴልፊና ከመኪናዋ መስኮት አንገቷን አወጣች።

«ኧረ አንተ ሰው! ጫፉን ብቻ ቅመስና ቆይ። ምን አስቸኮለህ? ሴቢዮ እንደሆን የሚመጣውም ዓመት እዚሁ ነው።»